አልሞ መቺ፣ ፈጣንና ርካሽ

«ጋሼ፣ የማይስት፣ ቶሎ ቶሎ የሚተኩስ ጠመንጃ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል?» አለኝ ካሊፎርኒያ፣ ኩፐርቲኖ ውስጥ ቀኑን ኮድ ሲጽፍ የሚውለው ልጅ፤ የኢላማ ተኩስ አምሮታል።

«ሦስቱን ባንድ ላይ የፈለግኸው አንተ ብቻ አይደለህም፤ ምኒልክም ነበሩ» አልኩት።

ገጣሚው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1886 ከታጁራ በግመል ጭኖ የተነሣው ጠመንጃ አውሮፓ የጣለችው አሮጌ ነበር። አራት ወር ተጉዞ ሸዋ ሲደርስ ምኒልክ ዋጋውን ቆረጡ፤ የሞተ ሸሪኩንም ዕዳ ከሒሳቡ ቀነሱ። ደግ አደረጉ፤ ቅኔ ሌላ፣ ንግድ ሌላ! ውጅግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃም በርካሽ የመጣው ባለቤቶቹ በ1886 ሌቤል ወደተባለው ጠመንጃ ስለዞሩ ነው። አንድ አንድ ጥይት እየጎረሰም ቢሆን ዐድዋ ላይ ዋለ። በወገን በኩል ፈጣኑ ጠመንጃ ጥቂት ነበር።

«ለእኔስ?»

«ላንተ ፍጥነቱ ምን ያደርግልሃል? ኢላማህ ወረቀት ነው፤ አይሸሽም። በእጅ የሚቀባበለውን ግዛ። በዚያው ዋጋ ከሚገኝ ራሱን አቀባባይ ይልቅ ብዙውን ጊዜ አልሞ ይመታል። የተረፈህን ለመነጽርና ለጥይት አውለው፤ እጅ የሚገራው በጥይት ነው። ደግሞም ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና አይሸጥልህም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ በጠመንጃውም በጥይቱም ላይ 11 በመቶ ቀረጥ ተጨምሯል። ከፍለህም 10 ቀን ትጠብቃለህ።»

«10 ቀን?»

«የጥይት ዋጋ እስክታጠና ይበቃሃል።»