የጎደለው ርቀት፦ ከቆሼ ግርጌ እስከ ጓሮ ቤት

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የቆሼ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ በግርጌው የነበሩ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

ያን ሰሞን ብዙ ተባለ። «ሕገወጥ ሰፋሪዎች ናቸው» ያለ ነበር። «እንዲነሡ ሲነገራቸው ቆይቷል» ያለም ነበር። ነዋሪዎቹ በበኩላቸው እንደገና መደፋት የጀመረውን ቆሻሻና ተራራው ላይ ሲሠሩ የነበሩትን ቡልዶዘሮች ጠቀሱ። ክርክሩ «ጥፋተኛው ማነው?» በሚለው ዙሪያ ሲሽከረከር አንድ ቀላል ጥያቄ የሚገባውን ቦታ ሳያገኝ አለፈ፦ ከተራራው ግርጌ እስከ መጀመሪያው ቤት ደጃፍ ስንት ሜትር መኖር ነበረበት? ያንን ሜትር መለካትስ የማን ሥራ ነበር?

ጥያቄው የመሐንዲስ ብቻ ይመስላል። ግን አይደለም። በሁለት ቤቶች መካከል፣ በቤትና በገደል መካከል፣ በቤትና በቆሻሻ ክምር መካከል ያለ ባዶ ቦታ ሰው ከፈጠራቸው የአደጋ መከላከያዎች ሁሉ ርካሹ ነው። ባትሪ አያልቅበትም፤ ነዳጅ አይጠይቅም፤ ሠራተኛም አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ባዶ ቦታ እንደ መከላከያ አይታይም። የሚታየው ገና ያልተሠራበት መሬት ተደርጎ ነው።

ለእረፍት የሚጎተት ቤት ደንብ አለው

ለንጽጽር ሩቅ አገር ደርሶ መመለስ ይጠቅማል። እንግሊዞች መኪና እየጎተተ የሚወስደው፣ ካራቫን የሚባል ቤት አላቸው። አንዳንዱ ለቅዳሜና እሁድ እረፍት ይወጣበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣ ሕግ መሠረት የካራቫን ማቆሚያ ስፍራ ያለ ፈቃድ አይሠራም፤ ፈቃድ ሰጪው የአካባቢ አስተዳደርም ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። ሰዎች በቋሚነት ለሚኖሩባቸው ግቢዎች እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአሠራር ደረጃ በሁለት ካራቫኖች መካከል ቢያንስ 6 ሜትር፣ ከግቢው ወሰን ደግሞ 3 ሜትር ክፍት ቦታ እንዲኖር ይጠይቃል። ማንኛውም ካራቫን የእሳት ማጥፊያ ከተቀመጠበት ቦታ ከ30 ሜትር በላይ እንዳይርቅም ይላል። ለእረፍት ብቻ ለሚቆሙትም የርቀት ደንብ አላቸው።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ጎማ ላለው ቤት ነው።

«እንግሊዝ ሀብታም አገር ነው» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። እንግዲያው ወደ ድሆች ድሃ እንምጣ ቢባል፣ ጦርነትና ረሃብ ላፈናቀላቸው ሰዎች የሚተከል ድንኳንም ደንብ አለው። ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መመሪያ በሁለት መጠለያዎች መካከል ቢያንስ 2 ሜትር፣ ቢቻል የመጠለያውን ቁመት እጥፍ ያህል ርቀት እንዲኖር ይመክራል። መጠለያዎች በተከታታይ 300 ሜትር ከሸፈኑ በኋላ እሳት እንዳይሻገር 30 ሜትር ስፋት ያለው ክፍት ቦታ ይተዋል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ብዙ ስደተኞችን ከሚያስጠልሉ አገሮች አንዷ ስለሆነች ይህ መመሪያ ለአገሪቱ የእርዳታ ሠራተኞች እንግዳ አይደለም። በወረቀት ደረጃ እንኳ ቢሆን፣ ድንበር ተሻግሮ ለመጣ ድንኳን የተጻፈለት ርቀት አለ። በከተማዋ መሐል ለተሠራው የላስቲክ ቤት ግን «አፍርሱት» ከሚል ትእዛዝ ሌላ የሚደርሰው ደንብ የለም።

ደንብ መጻፍ ብቻውን እንደማያድንም ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በባንግላዴሽ ኮክስ ባዛር በሚገኘው የሮሂንጋ ስደተኞች ካምፕ የተነሣው እሳት ወደ 45 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን መጠለያ አልባ አድርጓል። መጠለያዎቹ ቀርከሃና ላስቲክ ነበሩ፤ እርስ በርሳቸውም ተጣብቀው ነበር። መመሪያውን የሚያውቁ ድርጅቶች በሞሉበት ቦታ እንኳ ርቀቱን የሚጠብቅ ሲጠፋ ውጤቱ ይህ ነው።

ከተማዋ መራቅን ስታውቅ

አዲስ አበባ ርቀት የሚባል ነገር አታውቅም ማለት ግን ስህተት ነው። በደንብ ታውቃለች። የኮልፌ ቀራኒዮ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ሲቋቋም ቦታው ከከተማዋ ውጪ ነበር። ሕሙማኑ ከሰው ርቀው እንዲኖሩ ተፈልጎ ነበርና፤ ዛሬ አለርት የሚገኘው እዚያ ነው። ሕክምና ፈልገው ከየክፍለ ሀገሩ የመጡት፣ ወደ ቀያቸው ለመመለስ መገለሉን የፈሩት፣ በዙሪያው ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ የከተማዋ ቆሻሻ የሚደፋበት ቦታ ሲፈለግ የተመረጠውም ያው አቅጣጫ ሆነ። ቆሼ እንዲህ ተወለደ። ከተማዋ ማየት ያልፈለገችውን ሰውም ሆነ ማሽተት ያልፈለገችውን ቆሻሻ ወደ አንድ ዳር አወጣች።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ ራሷ እየሰፋች መጣች። አየር ጤና፣ ቤቴል፣ ዓለም ባንክ እያለች አልፋቸው ሄደች። ዳር የነበረው መሐል ገባ። ድሃው ቆሻሻ ውስጥ ፕላስቲክና ብረታ ብረት እየለቀመ ስለሚኖር ከሥራ ቦታው አጠገብ ሰፈረ፤ የቤት ኪራይ ሲወደድ ሌላውም ተከተለው። ከሕሙማኑ ለመራቅ የታሰበለት ርቀት ነበር፤ ለነዋሪዎቹ ደኅንነት ግን የታሰበለት ርቀት አልነበረም። በአጭሩ፣ ከተማዋ ከድሃ መራቅን ታውቅ ነበር፤ ለድሃ ርቀት መስጠትን ግን አላወቀችበትም።

በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር። የአካባቢው አርሶ አደሮች በመቃወማቸው ከጥቂት ወራት በኋላ ተዘጋና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። ከዚያ አደጋው እስኪደርስ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። የአርሶ አደሮቹ ተቃውሞ የራሱ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን መኪኖቹ ወደ አሮጌው ተራራ ሲዞሩ ከተራራው ሥር ያሉትን ቤቶች ቀድሞ ማሰብ ግድ ነበር።

የቆሻሻ ተራራ ድንጋይ አይደለም። ዳገቱ እየቆመ፣ ክብደቱ እየጨመረ፣ ውስጡ ውሃና ጋዝ እየያዘ ሲሄድ አንዱ ንብርብር ከሌላው ጋር የያዘው ግጭት ይላላል። ሲናድም እዚያው ግርጌው ላይ ዘጭ አይልም፤ እንደ ጭቃ ይፈሳል። ክምሩ ከፍ ባለ ቁጥር የሚሄደው መንገድም ይረዝማል። ስለዚህ ትናንት በቂ የነበረ ርቀት ዛሬ በቂ አይሆንም፤ ቤቱ ባይንቀሳቀስም ተራራው ወደ ቤቱ እየቀረበ ነው።

ይህን ዓለም በደም ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ማኒላ አጠገብ ፓያታስ ላይ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በማግስቱ ዓመት መጀመሪያ ፊሊፒንስ ክፍት የቆሻሻ መድፊያን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ከቆሼ አደጋ አንድ ወር በኋላ በኮሎምቦ ሚቶታሙላ ክምር ቤቶች ላይ ወረደ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ካምፓላ አጠገብ የኪቴዚ ክምር ከ30 በላይ ሰዎች ቀበረ። አራቱም ቦታ ከሞቱት መካከል ከግርጌው የሚኖሩ ነበሩበት።

ተራራ የሌለበት ሰፈርስ?

ቆሼ ጎልቶ የታየው ሞቱ በአንድ ሌሊት ስለመጣ ነው። ያው ችግር በቀጭኑ በየግቢው አለ። ኮልፌ አጣና ተራ አካባቢም ሆነ ሌላ ሰፈር አንድ ግቢ ሲከፈት ፊት ለፊት ዋናው ቤት፣ ከጓሮ በግራና በቀኝ የተደረደሩ ሰርቪስ ቤቶች ይታያሉ። ግድግዳው ባሕር ዛፍና ጭቃ ወይም ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ወይም ጨርቅ ነው። የአንዱ ጣሪያ የሌላውን ጣሪያ ይነካል። መተላለፊያው አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ነው፤ እዚያውም ላይ የውሃ በርሜልና የከሰል ጆንያ ተቀምጦበታል። ለስድስትና ለሰባት አባወራ ቆጣሪው አንድ፣ መውጫውም አንድ በር ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። በዓል ሲቃረብ ሦስቱ በአንድ ጊዜ ከተሰኩ ከቆጣሪው እየተቀጠለ የመጣው ቀጭን ሽቦ ይግላል፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ኮርኒሱ ይያያዛል። እሳት ወደ ጎረቤት ለመሻገር መንካት እንኳ አያስፈልገውም። ሙቀቱ ብቻ ቅርብ ያለን ደረቅ እንጨት ያነድዳል። ያ ሙቀት ደግሞ በርቀት ቶሎ ይዳከማል፤ ሁለት ሜትር ያለውን ጥቅም የሚያውቅ ያንን ያወቀ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ኃላፊዎች እሳቱን ለማጥፋት አስቸጋሪ ካደረጉት ነገሮች መካከል የቤቶቹን መጠጋጋትና የመንገዱን መጥበብ ጠቅሰዋል። 939 ተደውሎ መኪናው ቢመጣም የሚገባበት ከሌለ ከዳር ቆሞ ማየት ነው። መርካቶ የአገር ንግድ ስለሆነ ዜና ሆነ። በጓሮ ቤት የሚነሣው ግን ብዙ ጊዜ የዚያ ሰፈር እድር ብቻ የሚያውቀው ወሬ ሆኖ ይቀራል።

መቀራረብ ጥፋት ነው ወይ?

ይህን ሲሰማ «ሰው ምን ያድርግ?» የሚል ሰው እውነት አለው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚል ሕዝብ ነው። ሌሊት ምጥ የያዛትን ይዞ የሚሮጠው፣ ሲታመም ውሃ የሚያቀብለው፣ ሲሞት ድንኳን የሚተክለው ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ነው። በዚያ ላይ ባለ ጓሮው አንዲት ክፍል ጨምሮ ካላከራየ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ አይችልም፤ ተከራዩም ከዚህ የተሻለ ቤት አቅሙ አይፈቅድም። «ሁለት ሜትር ተው» ማለት ለአንዱ ገቢ ማጣት፣ ለሌላው ደጅ ማደር ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሰው ደንብ ሲባል የሚሰማው ግሬደር መሆኑ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ያለ ፈቃድ እንዳይገነባ ደንግጓል፤ ተገቢም ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፈቃድ የሌለው ቤት በመዝገብ ላይ የለም። የሌለ ቤት ርቀቱ አይለካም፤ ሽቦው አይመረመርም፤ መውጫው አይጠየቅም። ባለሙያ ከደጁ የሚደርሰው ሊያፈርስ ሲመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ነዋሪው ከእሳት ይልቅ ከባለሙያ ይደበቃል። ቤቱን በቆርቆሮ አጥር ይሸፍናል፤ ሁለተኛውን በር ይደፍናል። የተደፈነው በር ደግሞ የማምለጫው በር ነው።

የኮሪደር ልማቱም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ዋና መንገድ ሲሰፋ የእሳት መኪና የሚያልፍበት ይሰፋል፤ ይህ ጥቅሙ ነው። በስሙ ውል የሌለው ተከራይ ግን ተነሥቶ ወደ ሌላ ጓሮ ከገባ፣ መሐል ከተማ የተገኘው ርቀት ከዳር ሰፈር ተወስዷል ማለት ነው። አደጋው አልተነሣም፤ አድራሻ ቀየረ።

ሁለቱን ጥያቄ መለየት

መፍትሔው የሚጀምረው ሁለት ጥያቄዎችን ከመለየት ነው። «ይህ ቤት ሕጋዊ ነው ወይ?» አንድ ጥያቄ ነው። «እዚህ ቤት ውስጥ ዛሬ ማታ የሚተኛ ልጅ ጠዋት ይነሣል ወይ?» ሌላ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ዓመታት ይፈጃል፤ ካርታ፣ ፍርድ ቤት፣ ካሳ፣ ምትክ ይፈልጋል። ሁለተኛው ግን ነገ መመለስ ይችላል፤ የመጀመሪያውም እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም።

ወረዳው የእሳትና አደጋ ባለሙያ ከእድር ዳኛ ጋር አድርጎ ግቢ ለግቢ ቢልክ፣ ባለሙያውም የይዞታ ማረጋገጫ ሳይጠይቅ ሜትርና ሽቦ ብቻ ቢያይ፣ በሩ ይከፈትለታል። እድሮችም በሐዘን ቀን ድንኳን መትከያ ቦታ እንደሚያመቻቹ ሁሉ፣ መተላለፊያው ከበርሜልና ከጆንያ ነፃ እንዲሆን፣ ምጣድ በተራ እንዲጣድ፣ በየግቢው ሁለተኛ መውጫ እንዲኖር መተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ ቢጽፉት የሚከለክላቸው የለም። በቆሻሻ ክምር፣ በገደልና በወንዝ ዳር ያለው ግን ከእድር አቅም በላይ ነው። እዚያ ወሰኑን የማስመር፣ በየዓመቱ እንደገና የመለካት፣ ከወሰኑ ውስጥ ላለው ሰውም ከማንሣት በፊት የሚገባበትን የማዘጋጀት ግዴታ የከተማው አስተዳደር ነው።

ከቆሼ አደጋ በኋላ ብዙ ሰው ጮኸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ጩኸቱ ግን ቢያንስ የሚቀጥለውን ጅብ መጠበቂያ መሆን ነበረበት። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እሳት ገና ቅጠል በሚያጠፋው ጊዜ ነው። ዛሬ በየጓሮው ቅጠሉ ሁለት ሜትር ባዶ መሬት ነው።