አጥር በውጭ በኩል

የአዲስ አበባን የመኖሪያ ሰፈር በእግሩ የሚያቋርጥ ሰው ከቤት ይልቅ የሚያየው አጥር ነው። ቆርቆሮ፣ ብሎኬት፣ ድንጋይ፣ የላሜራ በር፣ ደግሞ ቆርቆሮ። ቤቱ ከኋላ ነው፤ ከመንገድ የሚታየው ጣሪያው፣ የውኃ ታንከሩና ዲሹ ብቻ ነው። ባለቤቱ አጥሩን በውስጥ በኩል ያስለስነዋል፣ ይቀባዋል፣ አበባ ይተክልበታል። ውጭውን ግን ብዙ ጊዜ ግንበኛው እንደተወው ይተወዋል፤ ብሎኬቱ ሳይለሰን፣ ሲሚንቶው በየመጋጠሚያው እንደፈሰሰ ደርቆ።

ይህ የተተወ ፊት ግን ሰው አለበት። የጉልት ነጋዴዋ ጀርባዋን ሰጥታው ሽንኩርቷን በመደብ በመደብ ትደረድራለች። ሊስትሮው ጥላው እየዞረ ሲሄድ ሳጥኑን ይዞ አብሮ ይዞራል። የአጥሩ መሠረት ከግንቡ አንድ ስንዝር ወጣ ያለ ከሆነ፣ ታክሲ ጠባቂው ያርፍበታል፤ ከገበያ የተመለሱ እናት ዘንቢላቸውን አስቀምጠው እስኪተነፍሱ ይቆዩበታል። የቤተ ክርስቲያን አጥር ሲሆን ደግሞ መንገደኛው ቆም ብሎ፣ በግንባሩም በከንፈሩም ተሳልሞት ያልፋል። ወደ ቅጽሩ ለመግባት ጊዜ ያጣ ሰው ጸሎቱን የሚያደርሰው በዚያ ድንጋይ ላይ ነው። ያንን ድንጋይ በጠርሙስ ስባሪና በእሾሃማ ሽቦ ከታጠረው ከቀጣዩ ግንብ ጋር ሳስተያየው፣ ስለ አጥር የሚወጣ ደንብ ሁሉ መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ይታየኛል፦ ይህ አጥር በውጭ በኩል ለሚያልፈው ሰው ምንድን ነው?

የአጥር ፈቃድ ሲጠየቅ የሚገለጠው ካርታው ነው። ነጥቦቹ ይለካሉ፣ ችካል ይተከላል፣ ድንበር ተገፍቷል አልተገፋም ይባላል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ በአንድ ክንድ መሬት ስንት ወንድማማች ተካሷል። ሆኖም ክርክሩ ሁሉ ስለ ውስጡ ነው፦ የማን ነው፣ ስንት ካሬ ነው፣ የት ላይ ያበቃል። በድሮ የቤት ሽያጭ ውል ላይ የማከብረው አንድ ልማድ አለ። ይዞታው የሚገለጸው በአዋሳኞቹ ነው፤ በምሥራቅ አቶ እገሌ፣ በሰሜን ወይዘሮ እገሊት፣ በምዕራብ መንገድ። መንገዱ እንደ ሰው ስሙ ተጠርቶ ከጎረቤቶቹ መካከል ይገባል። በደቡብ በኩል ያለው ጎረቤት ግንቡ ቢከብደው መጥቶ ይናገራል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ይከሳል። መንገድ የተባለው አዋሳኝ ግን አፍ የለውም። ለእሱ መናገር ያለበት ደንቡ ነው።

ከጎረቤት ጋር ያለው አጥር ጠባዩ ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ካደረገ በኋላ፣ ብዙ ሰፊ ግቢ ከአንድ ቤተሰብ ይዞታነት ወጥቶ የብዙ ቤተሰብ መኖሪያ ሆነ። ቪላው ለአንዱ፣ ሰርቪሱ ለሌላው፣ ጓዳው ለሦስተኛው። ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ ሌላ አጥር በቀለ፤ አሮጌ ቆርቆሮ፣ የሳጥን ጣውላ፣ ማዳበሪያ። ቀጭን ነው፤ ሳል ያሳልፋል፣ የሬዲዮ ዜና ያሳልፋል። «እትዬ፣ ቡና ደርሷል!» የሚለው ጥሪ በበር ዞሮ አይመጣም፤ በቆርቆሮው ላይ ያልፋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1225ኛው አንቀጹ ባለሀብት ጎረቤቱን ከመልካም ጉርብትና በሚያልፍ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንውጽውጽታ እንዳያስቸግር ያዛል። ከእነዚህ ውስጥ አጥር የሚያግደው አንድም የለም። ጉርብትናን የጠበቀው ከቆርቆሮው ይልቅ በቆርቆሮው ላይ የሚተላለፈው ሲኒ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመኖሪያና የንግድ ቦታ በከተማ ፕላን ላይ በቀለም ይለያል። መንገድ ዳር ሲደረስ ግን ቀለሙን የሚሽረው አጥሩ ራሱ ነው። ጡረታ የወጣ አባወራ ከግቢው በር ጎን ያለውን አጥር ሦስት ሜትር ያህል ያፈርስና የብረት መዝጊያ ያስገጥምለታል፤ በላዩ ቆርቆሮ ያለብሰዋል። ልብስ ሰፊ ይገባበታል፣ ወይም ፀጉር አስተካካይ፣ ወይም ሻማና ክብሪት፣ ዘይትና ሳሙና በችርቻሮ የምትሸጥ ወጣት። ከመዝጊያው ኋላ ያው መኖሪያ ቤት ነው፤ ልብስ ይታጠባል፣ በርበሬ ይሰጣል። የጡረታው ገንዘብ የማይሸፍነውን የኪራዩ ገንዘብ ይሸፍናል። ደንብ አስከባሪው ሲመጣ ቦታው ለመኖሪያ የተመደበ ነው ይላል፣ እውነቱን ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅም ልማት ከፕላኑ ጋር እንዲስማማ ያስገድዳል።

እኔ ግን ለአጥር ሱቅ እከራከራለሁ። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከማታ ትምህርት ወይም ከሥራ የምትመለስ ሴት የትኛውን መንገድ እንደምትመርጥ እናስተውል። በሁለቱም በኩል ሦስት ሜትር ግንብ ቆሞ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያለ አንድ መስኮት የሚሄደውን መንገድ ትሸሻለች። ብትዞርም እንኳ የሱቅ አምፖል የበራበትን ትይዛለች። ባለሱቁ ያውቃታል፤ «ደህና አመሸሽ» ይላታል። ረጅሙን ግንብ የሠሩት ሰዎች ለደኅንነት ብለው ነው የሠሩት፤ ነገር ግን ደኅንነቱን ለራሳቸው ብቻ ወስደው መንገዱን አጨለሙት። ሌባም ቢሆን አንዴ ከዘለለ በኋላ ግንቡ የሚጋርደው እሱን ነው፤ ከውጭ ማንም አያየውም።

የአጥር ሱቅ ጥፋቱ ያለው ደረጃው ላይ ነው። ሱቁ ከወሰኑ ሳይወጣ ይጀምርና በዓመቱ አንድ ደረጃ ወደ እግረኛው መንገድ ያወጣል። ቀጥሎ የለስላሳ ሳጥን፣ ቀጥሎ የከሰል ጆንያ፣ ቀጥሎ የፀሐይ መከላከያ ሸራ፤ የጎርፍ መውረጃው ቱቦም በሲሚንቶ ይደፈናል። ዓይነ ስውሩ በበትሩ የሚያገኘው ይህን ነው። እንግዲህ ደንቡ ሱቁን ከነሥሩ ከሚነቅል ይልቅ ልኩን ቢነግረው፦ ደረጃህ ከወሰንህ ውስጥ ይሁን፣ መዝጊያህ ወደ ውጭ አይከፈት፣ ቱቦውን አትድፈን። ይህን ለመቆጣጠር ሜትርና ዓይን ይበቃል።

ትልልቆቹ የንግድ ቦታዎችም ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም። አንዳንድ ሆቴልና ባንክ አጥሩን በውበት ይሠራና ከፊቱ ያለውን የእግረኛ መንገድ በሰንሰለትና በአበባ ማሰሮ አጥሮ ለደንበኛ መኪና ይይዘዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የግንባታ ቆርቆሮ ነው። ሕንፃው እስኪያልቅ ተብሎ እግረኛው መንገድ ላይ ይቆማል፤ ሕንፃው ዓመታት ይወስዳል፤ ልጅ ያዘለች እናት ከአይሱዙና ከሚኒባስ ጋር አስፋልት ላይ ትጋፋለች። ጊዜያዊ ነው የተባለ አጥር እንደ ቋሚው ሊለካ ይገባል፤ ከጎኑ በጣውላ የተሸፈነ መተላለፊያ መተው ለባለ ፎቁ የሚከብድ ወጪ አይደለም።

የቀደሙ ሰዎች ስለ ውጭው አስበዋል። ሐረርን የከበበው ጀጎል በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው የመከላከያ ግንብ ነው፤ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ከበሮቹ ሌላ በግንቡ ሥር ለጅብ መግቢያ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጅቡ ሌሊት ገብቶ የከተማዋን ቆሻሻ ያጸዳል። ጠላት እንዳይገባ የቆመ ግንብ ለአውሬ መንገድ ትቷል። በገጠርም ብንሄድ አጥሩ ቀጋና አጋም ከሆነ ፍሬው በውጭ በኩልም ይበስላል፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ለቅሞ ሲበላ የሚከለክለው የለም።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ባለፈባቸው ዋና ዋና መንገዶች ዳር፣ ድፍኑ ግንብ በብዙ ቦታ ፈርሶ ውስጡን የሚያሳይ ዝቅ ያለ የብረት አጥር ተተክቷል። ለመሥሪያ ቤትና ለትልቅ ተቋም ይህ ትክክል ነው እላለሁ። ሕዝብ ዘመኑን ሁሉ በግንቡ ሥር ሲያልፍ የማያውቀውን ዛፍና ሣር አየ። ለትንሽ መኖሪያ ቤት ግን ጉዳዩ ይለያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ የመኖሪያ ቤት አጥር በፊት ለፊት ከ4 ጫማ፣ ማለትም 1 ሜትር ከ20 ያህል፣ በጎንና በኋላ ደግሞ ከ7 ጫማ እንዳይበልጥ ደንቡ ይወስናል። ፊቱ ለመንገዱ፣ ጓሮው ለቤተሰቡ ነው። ከአዲስ አበባ ሄዶ እዚያ ቤት የገዛ ሰው መጀመሪያ ቤቱ የተራቆተ ይመስለዋል፤ ግን ጓሮ አለውና የሚሸሸግበት አያጣም። በ100 ካሬ ሜትር ላይ የሚኖር የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጓሮ የለውም። ቡናው የሚፈላው፣ ሕፃኑ የሚታጠበው፣ ለቅሶ የሚቀመጠው ከመንገዱ ሁለት እርምጃ ርቆ ነው። ይህን ቤተሰብ በብረት ዘንግ መካከል ለመንገደኛ ዓይን መስጠት ጭካኔ ነው። የአዲሱ አጥር ወጪም አለ፤ ብረትና ሲሚንቶ ውድ ነው፣ ደንቡን ያወጣው አካል ሊያግዝ ይገባል።

ለእንዲህ ያለው ቤት የሚስማማው ተክል ይመስለኛል። ዝቅተኛ ግንብ፣ በላዩ ሽቦ ወይም ብረት፣ ከውስጥ በኩል ጽድ። ድምፅና ብርሃን ያሳልፋል፣ ገላን ይሸፍናል፣ ከመንገድ ሲታይ አረንጓዴ ነው። ሰንሰልም ይሆናል፤ ቁራጩን መሬት ላይ ሲተክሉት በቶሎ ይይዛል፣ ለዚህም ነው ገበሬው የሚወደው። ቁልቋል ለከተማ አልመክርም፤ ወተቱ ዓይን ይጎዳል፣ ልጆች ደግሞ ቅርንጫፍ መስበር አይተዉም። ጽድ የሚፈልገው መከርከም ነው። ካልተከረከመ ወደ መንገዱ ይተኛል፣ መታጠፊያ ላይም የሚመጣውን መኪና ይጋርዳል። ስለዚህ የማዕዘን ቤት ጽድ ከሌላው ዝቅ ብሎ፣ ቢበዛ እስከ ወገብ ድረስ፣ ከክረምት በፊትና ከመስቀል በኋላ ቢከረከም ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ መቀስ ይዘው በየሰፈሩ የሚዞሩ ሰዎች አሉ።