ከባሌስትራ ሥር

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ወደ ነገሌ ቦረና ስወርድ በሻንጣዬ ሦስት መጻሕፍት፣ በልቤ ደግሞ ብዙ ትዕቢት ይዤ ነበር። ለእኛ ለአዲስ አበባ ተማሪዎች ክረምት ቢሆንም በቦረና ቆላ ወቅቱ ደረቅ ነው፤ መንገዱም አቧራና ጠጠር ብቻ ነው።

አጎቴ ገበያተኛ የሚያመላልስባት አሮጌ ላንድሮቨር አለችው። እኔን ያስተማረችኝ እርስዋ ናት ብል ሐሰት አይሆንብኝም። ስደርስ በስተኋላ በግራ በኩል ዘምማ ቆማ አገኘኋት፤ ከተደራረቡት የባሌስትራ ብረቶች አንዱ ተሰብሯል። ጋራዥ የጠየቀው ዋጋ አጎቴ በሁለት ወር ከሚያተርፈው በለጠ።

«ጋሼ፣ እኔ እሠራታለሁ» አልሁ። የፊዚክስ ተማሪ አይደለሁም? ሞላ የሚለጠጠው በተጫነበት ኀይል ልክ ነው የሚለውን የሁክን ሕግ በቃሌ እወጣዋለሁ። ሕጉ ግን ስለ ዳዶ አይናገርም።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1948 ጀምሮ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ላንድሮቨሮች በአራቱም ጎማ በባሌስትራ የሚቆሙ ናቸውና፣ መፍቻና ትዕግሥት ያለው ሰው ሊደፍራቸው ይችላል። እኔም ደፈርሁ። ክሪኩ አፈሩ ውስጥ ሲሰምጥብኝ ጣውላ አነጠፍሁለት፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነውና ከሻሲው በታች ግንድ ደገፍሁ።

የተሰበረውን ብረት ይዤ ወደ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ሄድሁ። ቢላዋ የሚሠራው ከአሮጌ ባሌስትራ ስለሆነ ደጁ በባሌስትራ የተሞላ ነው። «ይበየድልኝ» ብለው ሳቀ። «ልጄ፣ ይህ ብረት ጠባዩን ያገኘው በእሳት ነው፤ በእሳትም ያጣዋል። ብትበይደው ከብየዳው ጎን ይሰበርብሃል» አለኝ። ከክምሩ ውስጥ ልኩን መርጦ በጥቂት ብር ሰጠኝ። ስወጣ ጠራኝና፣ «መጀመሪያ ጭነት ከጫነች በኋላ ዳዶዎቹን ሁሉ እንደገና አጥብቅ፤ ብረቱ ገና ይቀመጣል» አለኝ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ምክር ያልተቀበልሁበትን ምክንያት ሳልደብቅ ልንገርህ። ብረት የሚሠራውን ሰው በሰሜኑ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያልን፣ በቦረናም ቱምቱ ተብሎ ከጋብቻ እየተገለለ የኖረ ነው። እኔ በስብሰባ ላይ ስለ ሠርቶ አደር ክብር ብዙ የተናገርሁ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ምክሩ ከመምህር አፍ ቢወጣ በደብተሬ እጽፈው ነበር፤ ከቀጥቃጭ አፍ ስለ ወጣ ረሳሁት።

በሦስተኛው ጉዞ ከመልካ ጉባ ወደ ነገሌ ስንመለስ መኪናዋ ወደ ጎን ተሳበች። ዳዶዎቹ ላልተው፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያገናኘው የመሃል ቡሎን ተቆርጦ፣ አክስሉ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር። አጎቴ መሪውን ታግሎ ከደረቅ ወንዝ አፋፍ ላይ አቆማት። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ትኵሳት የያዘው ሕፃን ታቅፋ ወደ ሆስፒታል የምትሄድ እናት ነበረች። የጭነት መኪና መጥቶ እስኪወስዳቸው ድረስ ከአንዲት ግራር ሥር አራት ሰዓት ተቀመጡ። ያን አራት ሰዓት የቈጠርሁት በደቂቃ ነው።

ሕፃኑ ዳነ፤ የዳነው ግን በእኔ ሙያ አይደለም።

ያልተጠገነች ትንሽ ነገር የምታመጣውን ነገሌ ከማንም ይልቅ ታውቃለች። በጥር 1966 ዓ.ም. በዚያ የነበሩት ወታደሮች በተበላሸ የውሃ ፓምፕና በመጥፎ ምግብ ተማርረው መኰንኖቻቸውን አሰሩ፤ ዓመት ሳይሞላ ዙፋኑ ወደቀ። የእኔይቱ ዳዶ ዙፋን አልጣለችም፤ ነገር ግን አንድ ሕፃን ልትጥል ነበር።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ገንዘብ ለማትረፍ እጃችሁን በግራሶ ብታጨማልቁ አልነቅፍም፤ አሁንም ያችን መኪና የምጠግናት እኔው ነኝ። ከሽማግሌው ደጅ ተመልሼ አዲስ ቡሎን አስመርጬአለሁ፤ በዚያን ጊዜ ግን ደብተር ይዤ ነበር የሄድሁት።

አንድ ዕዳ ግን ቀርቶብኛል። ያች እናት ከጭነት መኪናው ላይ ሆና፣ መንገዱ ነው የሰበራት ብላ መርቃኝ ሄደች። እኔም አሜን አልሁ። እውነቱን ለእርስዋ አልነገርኋትም፤ ይኸው ለእናንተ ነገርኋችሁ።