በሌላ ሰው ስም ሐጅ ማድረግ

አንባቢ ሆይ! ጐንደርን ያየህ እንደሆነ የፋሲልን ግንብና የደብረ ብርሃን ሥላሴን ሥዕል ሳታይ አልተመለስህም። ወደ አዲስ ዓለም መውረድህን ግን እንጃ። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፥ በ1668 እ.ኤ.አ.፥ በጐንደር የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ስለ ወሰነ፥ ሰፈራቸው በቃሃ ወንዝ አጠገብ ሆነ። በዘመኑ አጠራር እስላም ቤት ይባል ነበር።

የሰፈሩ ሰዎች ነጋዴዎች ነበሩ። ወርቅ፥ ዝባድና ቡና፥ የሚያሳዝነው ባሪያም ጭምር እየያዙ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፥ በዐድዋ በኩል ወደ ምጽዋ ይወርዱ ነበር። ከጠረፉ ቀይ ባሕርን የተሻገረ ሰው ጅዳ ይገባል፤ መካም ከዚያ ሩቅ አይደለችም። ስለዚህ ሐጅ ለእነርሱ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ይሁን እንጂ መንገዱ ወራት የሚፈጅ፥ ወባና ሽፍታ ያለበት ነበር። እንግዲህ ሳይሄድ የሞተስ? አርጅቶ በበቅሎ ላይ መቀመጥ ያቃተውስ?

ይህ ጥያቄ ለነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርቦላቸው ነበር። በመሰናበቻው ሐጅ ጊዜ ከኸሥዐም ነገድ የሆነች ሴት፥ አባቷ ከእርጅና የተነሣ በግመል ላይ መደላደል እንደማይችል ገልጻ፥ በእርሱ ፈንታ ሐጅ ታደርግ እንደሆነ ብትጠይቅ ፈቀዱላት። እናቷ ተስላ ሳትፈጽም ለሞተችባት ለሌላይቱ ደግሞ ነገሩን በዕዳ መሰሉላት፤ የእናትን ዕዳ ልጅ እንደሚከፍል ሁሉ ይህም ይከፈላል ማለት ነው።

ዐረቦች ይህን ሐጀል በደል ይሉታል። በአማርኛ በደል ክፉ ቃል ነውና አትደንግጥ፤ በዐረብኛ ምትክ ማለት ነው። ምትክ የሚላከውም ለሞተ ወይም ለመዳን ተስፋ ለሌለው በሽተኛና ሽማግሌ ነው። ጤነኛ ሰው ሥራ በዛብኝ፥ አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ ብሎ የግዴታ ሐጁን በወኪል አያስፈጽምም። ማሊኪዎችማ በሕይወት ላለ ሰው ጭራሽ አይቀበሉትም፤ ሻፊዒዎችና ሐነፊዎች ይፈቅዳሉ።

አሁን ወደ ቤቴ ልውሰድህ። እናቴ ከአባቴ ሱቅ በደረሳት ድርሻ የመንገዱን ወጪ ትችላለች፤ ጉልበቷ ግን እንኳን ለአረፋ ሜዳ ለጓሮም አልሆናትም፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጣት። እኔ የመሥሪያ ቤት ጸሓፊ ነኝ፤ ፈቃድ ወስጄ ልሂድልሽ አልኋት። ከልጇ የበለጠ ማን ይለምንላታል? ሼሁ ግን አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «አንተ ራስህ አድርገሃል?»

አላደረግሁም። ሹብሩማ በሚባል ሰው ስም ሐጅ ሊያደርግ የተነሣ አንድ ሰው ነበር፤ ነቢዩ አስቀድሞ የራሱን እንዲፈጽም አዘዙት። ሻፊዒዎች በዚህ ጸንተዋል። ሐነፊዎች የተጠላ ቢሆንም ይበቃል ይላሉ። እውነቱን ልንገርህ፥ ያን ዕለት ሐነፊ ሆኜ ልደር አሰኝቶኝ ነበር። ለእናቴ ብነግራት፦ «ልጄ፥ ዕዳዬን በተጠላ መንገድ አትክፈልልኝ» አለችኝ።

ወንድሞቼ በባሕር ማዶ የሚኖር፥ በርካሽ የሚያደርግ ሰው አገኙ። በኋላ እንደተሰማው ሰውየው ለአንድ ዓመት ሐጅ ከሁለት ቤተሰብ ገንዘብ ተቀብሏል። ሐጅ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ አንድ ሰውም በአንድ ሐጅ የአንድን ሰው ብቻ ይፈጽማል። ይኼ እንግዲህ የአማርኛው በደል ነው! በእኔ ግምት ወኪል የሚፈልግ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ሰውየውን ይመርምር፤ የሚተርፈው ገንዘብ የማን እንደሚሆንም አስቀድሞ ይዋዋል።

እናቴ በመጨረሻ ሕፃናትን ቁርኣን የሚያስቀሩ፥ የራሳቸውን ሐጅ የፈጸሙ ሽማግሌ መረጠች። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይሄዳሉ፤ አያቶቻችን በወራት የተጓዙትን በሰዓታት ይደርሳሉ። ሊሰናበቱ ሲመጡ፦ «ስሜን ቢረሱትስ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ኒያ በልብ ነው፥ ስም መጥራት ግድ አይደለም ብለው አጽናኗት። እርሷ ግን ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ በወረቀት አጽፋኝ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት።