ምርቃትና ምርቃና

አያቴ ጫት ከመቃማቸው በፊት ይመርቃሉ። በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ከመጡት አንዱ ናቸው፤ ድርቁን ሸሽተው፣ በቁጥር በምትጠራ አምባ ሰፍረው፣ ማንጎ ተክለው ቀሩ። ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ ከዚያው ማንጎ ሥር እጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ቀንበጡን በእጃቸው ይዘው ዱዓ ሲያደርጉ እኛ «አሚን» እንላለን። በቀረው ሳምንት ጫት ትዝ የሚላቸው አይመስለኝም።

እኔና የዶርም ጓደኛዬ ግን የጀመርነው ለፈተና ነው። ማንም አልመረቀልንም። (ምርቃትና ምርቃና ለጆሮዬ ዘመዳሞች ይመስሉኛል፤ ሥርወ ቃሉን ለሥነ ልሳን ተማሪዎች ልተወው።) ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ እንቀመጣለን፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ዓለምን አቅንተን ጨርሰናል። ስለ ልቦለድ መጻፍ የነበረበት ወረቀት ግን ሳይጻፍ ይመሻል። ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ጧት ፊት ይጠቁራል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሰው ያስጠላል። ከሰዓት ደግሞ ሐራራው ይመጣል፤ ማዛጋቱ፣ መነጫነጩ። እኔ እንደ ምንም ቀነስኩ። እሱ አልቻለም። አንድ ቀን ለፎቶ ኮፒ ያዋጣነውን ገንዘብ ጫት ገዛበት። እኔም በሰው ፊት «አንተ ወኔ ቢስ!» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። በሳምንቱ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አገሩ ገባ።

ያቺ ቃል አላስተኛ ብትለኝ ነው፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪው ሰውዬ ስለ አንጎል ማንበብ የጀመርኩት።

ጫትን ጫት የሚያደርገው ካቲኖን ይባላል፤ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክስ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ከትኩስ ቅጠል ለይቶ አወጣው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይደክማል፤ ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ የሚሮጠው ወዶ አይደለም። ካቲኖን አንጎል ሲገባ ዶፓሚን የተባለውን መልእክተኛ ከጎተራው ያስወጣል። ዶፓሚንም «ይኸ ነገር ይበጅሃል፣ ነገም ድገመው» ባይ ነው።

እስከዚህ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ያልሰማነው ስለ ሁለተኛው መልእክተኛ፣ ስለ ሴሮቶኒን ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1948 ከደም ተለይቶ ሲወጣ ነው፤ በአንጎልም ውስጥ እንዳለ የታወቀው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ስሜትን፣ እንቅልፍን፣ ረሃብን ይነካል፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው «ቆይ፣ ረጋ በል» የማለት አቅም ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ መቀበያዎቹ ብዙ ናቸው። 2ሲ የሚባለው ሲነካ የዶፓሚኑን ፍሰት ያረግባል፣ 2ኤ የሚባለው ደግሞ ያባብሳል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ዶፓሚንን ሲያስወጣ ሴሮቶኒንንም አብዝቶ የሚያስወጣ ማነቃቂያ ያን ያህል አይናፈቅም። ካቲኖን ግን ሴሮቶኒንን የሚነካው ከዶፓሚን በጣም ባነሰ ኃይል ነው። በሾፌር ቋንቋ፣ ነዳጁ ተረግጦ ፍሬኑ በጣት ጫፍ ብቻ እንደ መነካት ነው።

ታዲያ ሴሮቶኒን የሚያበዛ ክኒን ውጦ አይድንም? እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ፍሉኦክሰቲንን የመሰሉ መድኃኒቶች በኮኬይን ሱሰኞች ላይ ተሞክረው ውጤቱ እንደ ተስፋው አልሆነም።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይኸን የምጽፈው ለጓደኛዬ ሰበብ ፍለጋ አይደለም። ገንዘቡን ወስዷል፣ ወስዷል። ግን ፍሬኑ ለላላበት መኪና «ለምን አልቆምክም» ብሎ መሳደብ ምን ይሉታል? ደግሞስ እውነቱን ልናገርና፣ እኔ የቀነስኩት በወኔዬ አይደለም፤ ኪሴ ስለ ነጠፈ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ለአያቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካቲኖኑንም፣ ሴሮቶኒኑንም። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፣

«አንተዬ፣ ያን ልጅ መጀመሪያ ማን አስቃመው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባባ» አልኩ።

ቀንበጡን ቄጤማው ላይ አስቀምጠው ወደ ማንጎው አዩ። የጓደኛዬ ስልክ ቁጥር አለኝ። እስካሁን አልደወልኩለትም።