ዲስካችንና «ይጥፋ» የምትለው ቃል

ለማስተማር የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መጽሐፍና ስለ ጠመኔ ነው። እኛ ግን በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ፣ ቦሪ በሚባለው ሰፈር፣ ማታ ማታ አማርኛ ለማስተማር በተነሣን ጊዜ ያስቸገረን የኮምፒዩተር ጉዳይ ነበር። ተማሪዎቻችን የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። በኅዳር ወር 2013 ዓ. ም. የሞያሌው የጋራ የድንበር ጣቢያ ከተመረቀ ወዲህ የሁለቱ አገሮች ሹማምንት ጎን ለጎን የሚሠሩ ስለ ሆነ፣ ቋንቋውን ማወቅ ለብዙዎቹ የዕለት ሥራቸው ሆኗል። አማርኛን ከገበያ በጆሯቸው የለቀሙ አሉ፤ በጽሕፈት ግን የገዛ ስማቸውን እንኳ ለማስፈር ይቸገራሉ።

ለትምህርቱ ያገኘናቸው አምስት ያረጁ ኮምፒዩተሮች ሲሆኑ የማስታወስ ዐቅማቸው ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። በእያንዳንዱ ላይ ፕሮግራሞችን ከኢንተርኔት እያወረዱ መጫን ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል። ስለዚህ በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለውን ሥርዓተ ክወና፣ የፊደሉን ቅርጽና የመጻፊያውን ፕሮግራም ሁሉ አንድ ላይ ይዞ በአንድ ጊዜ የሚጭን ዲስክ ለማዘጋጀት ቈረጥን። መንገደኛ ስንቁን እንደሚቋጥር መሆኑ ነው፤ ከቤት ያልተያዘ ነገር በበረሓ አይገኝምና።

ዊንዶውስን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አባዝቶ ማደል ክልክል ስለ ሆነ፣ እ. ኤ. አ. በ1993 የተጀመረውን ዴቢያንን መረጥን። ይህን ማንም ሰው ቀድቶ፣ እንደሚመቸውም ለውጦ ለጎረቤቱ ቢሰጥ የሚከለክለው የለም። መጫኛውም አማርኛን ከቋንቋዎቹ መካከል ይቈጥራል፤ ይሁን እንጂ ፊደላችን በሥዕላዊው ገጽ ላይ እንጂ በጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ ላይ አይታይም።

በዲስኩ ውስጥ 4.7 ጊጋባይት የሚያህል ቦታ አለ። መጀመሪያ ያገኘነውን ሁሉ፣ የልጆች ጨዋታ ሳይቀር፣ አጨቅንበትና ሞልቶ እንቢ አለን። ቀንሰን ቀንሰን ሊብሬ ኦፊስን፣ አቢሲኒካ የተባለውን የፊደል ቅርጽ፣ እንዲሁም በላቲን መምቻ አማርኛ የሚያስጽፈውን ፕሮግራም አስቀረን፤ በዚህ በመጨረሻው የላቲኑን ኤስ መትቶ ኢን ያስከተለ ሰው «ሰ»ን ያገኛል። በዚህ ላይ የቀደሙት ሰዎች የደከሙትን ማስታወስ ይገባናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው እ. ኤ. አ. በ1999 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የተመዘገቡት ምልክቶች 345 ነበሩ። ከዚያ በፊት በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይቀር ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አስደሰተን። የሰዓቱን አቀማመጥ ለመወሰን ስንመረምር፣ ኮምፒዩተሮች ሰዓትን በሚያውቁበት መዝገብ አዲስ አበባ ከናይሮቢ ጋር አንድ ሆና መያያዟን አየን። እኛም በቦሪ ተቀምጠን ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ አልተጨነቅንም። ይልቁንም የስዋሂሊ ተናጋሪው ተማሪያችን እንደ እኛው ሰዓቱን ከማለዳ ጀምሮ መቍጠሩ ትምህርቱን አቅልሎልናል።

የተለመደው መጫኛ ብዙ ጥያቄ ይጠይቃል። ቋንቋውን፣ አገሩን፣ የተጠቃሚውን ስም፣ የይለፍ ቃሉን ሁሉ ይላል። እኛ መልሱን ሁሉ አስቀድመን በአንድ ፋይል ጽፈን በዲስኩ ውስጥ ስላኖርን ጥያቄዎቹ ቀሩ። ያስቀረናት አንዲቷን ብቻ ነበር፤ አሮጌውን ነገር ከመደምሰሱ በፊት የምትቀርበውን። ቃሏንም እኛው በኩራት ጻፍናት፦ «ዲስኩ ይጥፋ?» አምስቱን ኮምፒዩተሮች በተራ ሞከርናቸው፤ ያለ እንከን ሠሩ። በእነርሱ ውስጥ ግን ቢጠፋ የሚያሳዝን ምንም ነገር አልነበረም፤ ይህን ያሰብነው በኋላ ነው።

ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ የተከበሩ ኬንያዊ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለቤታቸው ኮምፒዩተር አንድ ቅጂ ለመኑን። ባለቤታቸው ከኢትዮጵያ በኩል የተወለዱ ናቸው፤ እርሳቸውም ለአማታቸው በአማርኛ ደብዳቤ ለመጻፍ ይመኙ ነበር። ዲስኩን ሰጠናቸው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አልጠየቅናቸውም።

በማግሥቱ ፊታቸው ጠቍሮ መጡ።

«መምህር፣ ኮምፒዩተሩ አዲስ ሆነ» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያው ሳምንት «መብራቱን አጥፋ»፣ «ሬዲዮኑ ይጥፋ» የሚለውን ያስተማርናቸው እኛው ነን። ሥራው ገና ሳይጀመር እራት ቀርቦ ባለቤታቸው ሲጠሯቸው፣ «ዲስኩ ይጥፋ?» የሚል ጥያቄ በገጹ ላይ አዩ። ማሽኑ በትሕትና ሥራ ላቁም ወይ እያለ እንደሚጠይቃቸው ቈጥረው «አዎን» አሉትና ወደ ማዕድ ሄዱ። ሲመለሱ የአሥራ አንድ ዓመት የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ጠፍቶ፣ በስፍራው አዲሱ ሥርዓት ተቀምጦ ነበር።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፣ አማርኛን የምትማሩ ከሆነ ይህችን «ጠፋ» የምትለውን ቃል ልብ በሉልን። መብራት ይጠፋል፤ ተመልሶም ይበራል። ለኬንያዋ ሞያሌ ኤሌክትሪኩ ከኢትዮጵያ መስመር እየተገዛ ስለ ኖረ፣ በድንበሩ በዚህም በዚያም «መብራት ጠፋ» ማለት የታወቀ ነው። በግ ይጠፋል፤ ይፈለጋልም። ሰንብቶ የመጣ ወዳጅ «ምነው ጠፋህ?» ይባላል፤ ይህም ወቀሳ ሳይሆን ናፍቆት ነው። አገርም ይጠፋል። ከዚሁ ግንድ የወጣው «ጥፋት» ግን በደል ማለት ነው፤ በዚህ ነገር ጥፋቱ የእኛ እንጂ የተማሪያችን አልነበረም። «ይደምሰስ» የሚል የማያሻማ ቃል ሳለ ስለ አጭርነቷ ብለን ሌላይቱን መረጥን።

ኮምፒዩተሩን ከዚያ ወዲያ እንዳይነኩት ለመንናቸው። መጫኛው የሚያፈርሰው በመጀመሪያ የመዝገቡን ማውጫ ነው፤ ሥዕሎቹ አዲስ ነገር እስካልተጻፈባቸው ድረስ ስም የለሽ ሆነው በስፍራቸው ይቀራሉ። ፎቶሬክ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከሌላ ዲስክ አስነሣን። ይህ ፕሮግራም ማውጫውን ሳይመለከት የእያንዳንዱን ፎቶግራፍ የመጀመሪያ ምልክት እየፈለገ፣ ያገኘውን በውጭ ማኅደር ላይ ይገለብጣል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ፤ እኛም አብረነው አደርን።

አብዛኞቹ ተገኙ። አዲሱ ሥርዓት የተጻፈባቸው ግን አልተመለሱም፤ ከእነዚያም መካከል የጎረቤታችን አባት ከመሞታቸው በፊት የተነሡት የመጨረሻው ሥዕል ነበረ። ይህን ስንነግራቸው ዝም አሉ። እኛም የምንለው አልነበረንም።

የተገኙትም ስማቸውንና ቀናቸውን አጥተው በቍጥር ብቻ የተጠሩ ነበሩ። ስለዚህ በተከታዩ እሑድ አማታቸው ድንበሩን ተሻግረው መጡና፣ ቡና ተፈልቶ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ በኮምፒዩተሩ ዙሪያ ተቀመጠ። እማማ እያንዳንዱን ሥዕል እያዩ «ይህቺ የታናሿ ልጄ ክርስትና ናት»፣ «ይህ ዝናብ ያልጣለበት ዓመት ነው» ይላሉ፤ አማችየውም በአዲሱ መጻፊያ በአማርኛ ይጽፋሉ። «ክርስትና»ን ሦስት ጊዜ ተሳስተው በአራተኛው አገኙት።

ስለ ዲስኩ ለመናገር፣ አዲሱ ቅጂ አሁን የሚጠይቀው በረጅሙ ነው፦ «በዚህ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ጽሑፍና ሥዕል ሁሉ ለዘለቄታው ይደመሰሳል። ሌላ ቅጂ አለዎትን?» የሚመልሰውም ሰው አንዲት ቍልፍ ብቻ ነክቶ ማለፍ አይቻለውም፤ «ይደምሰስ» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል መጻፍ አለበት። ይህ ለጀማሪ ተማሪ ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ እንዲከብድም ፈልገናል።

በዚያ እሑድ መጨረሻ ላይ የሠርጉ ሥዕል ወጣ። ላይኛው እኩሌታ ደኅና ነው፤ ከታች ያለው ግን ግራጫ ቀለም ብቻ ሆኗል። ሁላችንም ደነገጥን። እማማ ግን ጠጋ ብለው አዩና «እግራችሁን በላው እንጂ ፊታችሁን ትቶላችኋል፤ ጻፍ ልጄ» አሉ።

አማችየውም ጥቂት አስበው፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለጉ፣ «ሠርጋችን፣ ከወገብ በላይ» ብለው ጻፉ።