ፈጣኑ የቱ ነው?

በመለማመጃ ክፍላችን ጥግ አቧራ የጠገቡ ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮች መኖራቸውን ሳታውቁ አትቀሩም። ለሥራ ሳይሆን ተፈተው እንዲታዩ፣ ለመማሪያ የተቀመጡ ናቸው። የአንደኛው ፕሮሰሰር የኢንቴል ፔንቲየም 4 ሲሆን 3.2 ጊጋኸርዝ ይላል። የሁለተኛው የኤ.ኤም.ዲ. አትሎን 64 ነው፤ ስሙ 3200+ ቢባልም የሚሠራው በ2 ጊጋኸርዝ ነው። ሁለቱም ገበያ ላይ የዋሉት በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። "የቱ ይበልጣል?" የሚል ክርክር ከተነሣ የክፍላችን ልጆች ድምፅ ጣራ ይነካል። እስቲ እኔም የበኩሌን ልበል።

ብዙው ሰው "ይሄ ደግሞ ምን ያከራክራል? 3.2 ከ2 ይበልጣል እኮ!" ይላል። ሒሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ጊጋኸርዝ የሚነግረን ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ብቻ ነው። ፔንቲየሙ በሰከንድ 3.2 ቢሊዮን ጊዜ፣ አትሎኑ 2 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል። በእያንዳንዱ ምት ምን ያህል ሥራ እንደሚያልቅ ግን ቁጥሩ አይናገርም። ጠቅላላ ሥራው የሚገኘው የምቱ ብዛት በአንድ ምት በሚያልቀው ሥራ ሲባዛ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው የአንድን መሬት ስፋት ወርዱን ሳይለኩ በርዝመቱ ብቻ እንደመናገር ይሆናል።

አሠራሩን በደቦ እንመስለው። ለአጥር የሚሆን ድንጋይ ሲጓጓዝ ሰዎች ተሰልፈው ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ፔንቲየም 4 ሰልፉን 20 ሰው አደረገው፤ አትሎን 64 ደግሞ 12። ሰው ሲበዛ የእያንዳንዱ ድርሻ ስለሚያንስ እጅ ቶሎ ቶሎ ይንቀሳቀሳል፤ የፔንቲየሙ ትልቅ ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ፕሮሰሰር "እንዲህ ከሆነ እንዲያ አድርግ" የሚል ትእዛዝ ሲደርሰው መልሱ እስኪታወቅ ቆሞ አይጠብቅም፤ ገምቶ ይቀጥላል። ግምቱ የሳተ እንደሆነ በግምት የተጀመረው ሥራ ሁሉ ተጥሎ እንደገና ይጀመራል። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር የሚጣለውም ይበዛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ፕሮሰሰር ዕቃውን የሚያስቀምጥበት ግምጃ ቤት ሜሞሪ ይባላል። አትሎን 64 የግምጃ ቤቱን ቁልፍ በራሱ ኪስ ይዞ ነበር፤ ፔንቲየም 4 ግን ቁልፉን የያዘ ሌላ ቺፕ በመካከል ስላለ እሱን እየጠየቀ ነበር የሚያስከፍት። በየጊዜው ግምጃ ቤት ለሚያመላልስ ሥራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ውጤቱስ? በጨዋታና "እንዲህ ከሆነ" በሚበዛበት ሥራ በ2 ጊጋኸርዝ የሚሠራው አትሎን ባለ 3.2ቱን ብዙ ጊዜ ይቀድመው ነበር። ይህን ስል ፔንቲየሙን ማጣጣሌ አይደለም። ቪዲዮን ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ መለወጥን በመሰለ፣ ሳይቆራረጥ በአንድ መልክ በሚፈስ ሥራ ላይ ብዙውን ጊዜ መሪው እሱ ነበር። ስለዚህ "ፈጣኑ የቱ ነው?" የሚለው ጥያቄ "በምን ሥራ?" ካልተባለ ግማሽ ጥያቄ ነው።

ኢንቴል ራሱ ይህን በተግባር አይቶታል። በ2004 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሰልፉን ወደ 31 አሳደገው። ሙቀቱና የኤሌክትሪክ ፍጆታው አስቸጋሪ ሆነ። ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 አወጣለሁ ብሎ የነበረውን ዕቅድም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሰረዘ። በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኮር 2 ዱዮ ሰልፉም ያጠረ፣ ጊጋኸርዙም ያነሰ ሆኖ ሳለ ፔንቲየም 4ን በልጦ ተገኘ።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? አንደኛ፣ ነገ በተመደብንበት ትምህርት ቤት "በዚች ገንዘብ የትኛውን ኮምፒዩተር እንግዛ?" ብሎ ርዕሰ መምህሩ የሚጠይቀው እኛን ነው። ያኔ ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አንብበን መመለስ አይበቃም። ትምህርት ቤቱ የሚሠራበትን ፋይል ከፍተን፣ ሰዓት ይዘን፣ በሁለቱም ላይ ደጋግመን መሞከር አለብን።

ሁለተኛው ግን ከኮምፒዩተርም ይከብዳል። ለልምምድ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት በሦስተኛው ረድፍ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ጥያቄ ሲጠየቅ እጇ ከሁሉም በኋላ ነው የሚወጣው። አንዳንዴ እሷ እጇን ሳታነሣ ሌላው መልሶ ተቀምጧል። "ደካማ ናት" ተብላ የተተወች ነች። አራት አምስት እርምጃ የሚጠይቅ የሒሳብ ጥያቄ በወረቀት ስንሰጥ ግን፣ ፈጣኖቹ ሠርዘው ደልዘው እንደገና ሲጀምሩ እሷ አንድም ሳትሰርዝ ጨርሳ ታስረክባለች። በቃል ጥያቄ ደግሞ ፈጣኖቹ በእውነት ይበልጧታል። ሁለቱም እውነት ነው።

ጓደኞቼ፣ በቅርቡ ቀይ እስክሪብቶ ጨብጠን የስድሳ ልጆች ስም ፊት ደረጃ ልንጽፍ ነው። አንድ ቁጥር መጻፍ ቀላል ነው፤ ልጁ ግን ዓመቱን ሙሉ፣ አንዳንዱም ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል። እንግዲህ "አንደኛ" እና "ስድሳኛ" ብለን ከመጻፋችን በፊት "በምን ሥራ?" ብለን እንጠይቅ። ለጥያቄው መልስ ካጣን፣ መለኪያችንን እንጨምር እንጂ ልጁን አንቀንስ።